ድምፁ የተዘጋው ሦስተኛ ክፍል

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 14

የእናቴ ልጅ፣ ሆዴ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ደረጃ ላይ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነም፤ ትናንት የውሃ ቆጣሪ አንባቢውን «ቆጣሪውን ታየዋለህ ወይስ ትገምታለህ?» ብላ ከበር መለሰችው። ስልክ እያለ በወረቀት መጻፌን ስታውቅ «ምን ነካት?» ማለትህ አይቀርም። ሆን ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ የፋብሪካችን ነርስ ናት፤ እህቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ስለምትመጣ ለምኛት ነው። «በእጁ ስጪው፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ፣ ሲቀበልሽም ደህና አድርገሽ እዪው» ብያታለሁ። አዎ፣ ሰላይ ልኬብሃለሁ።

ጠርጣራ መሆኔን መቼም ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆች ሆነን ብስኩት ስትሰጠኝ ገልብጬ አይቼ ነበር የምበላው፤ ለዚያም በቂ ምክንያት ሰጥተኸኝ ነበር። ሥራዬም ያው ነው። ከስፌት የወጣ ሸሚዝ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ጥፋተኛ ነው፤ ኮሌታውን፣ የቁልፉን ቀዳዳ፣ የብብቱን ስፌት አገላብጬ አይቼ ነው ነጻ የማወጣው። አለቃችን «አንቺ የተሰፋሽው በክር ሳይሆን በጥርጣሬ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ እለዋለሁ። አሁን እንኳ ከፍተሻ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውሬያለሁ። በራሴ ጥያቄ ነው፤ የፍተሻው ክፍል መብራት ደብዛዛ ሆኖ አስቸገረኝ። ሌሎቹ መብራቱ ምንም አልሆነም ይላሉ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ስትሰማ አትቆጣ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ የጌሙ የ«ጭጋግ መንግሥት» ወዳጆች የስልክ ግሩፕ ውስጥ እኔም አለሁ። እዚያ ስሜ «መርፌ» ነው። አንዲት ቃል ጽፌ አላውቅም ነበር፤ እገባና አንተ የጻፍከውን አንብቤ እወጣለሁ። ለኛ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው፣ እናንተስ?» ብለህ የምትዘጋው ሰውዬ፣ እዚያ ስትገባ ስለ አንድ ጌም ገጽ ሙሉ ታወራለህ። ናፍቆቴን የምወጣው እዚያ ነበር።

የጌሙ ሰባተኛ ክፍል ሊወጣ ነው ከተባለ ወዲህ ግሩፑ የጦር ሜዳ መሆኑን መቼም ታውቃለህ። የትኛው ክፍል ከየትኛው ይበልጣል ብለው የማይሰዳደቡበት ቀን የለም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ የሚለው ሰውዬ፣ ጌም ማለት አንደኛው ክፍል ነው፣ የተቀሩት ተለጣፊ ናቸው ባይ ነው። «የአንደኛው ሰዎች እኮ ፊት እንኳ የላቸውም፣ አራት ማዕዘን ናቸው» ሲሉት «ታሪክ ፊት አያስፈልገውም» ብሎ ይመልሳል። ፋርማሲስቷ አምስተኛውን የነካባት ሰው ልጇን የነካባት ያህል ትነሳበታለች። አራተኛው ፈረስ ስላመጣ የሚያመልኩት አሉ፤ ፈረሱ የቤት ደረጃ ስለሚወጣ የሚስቁበትም አሉ። ስድስተኛውን የወደደ ሰው ካለ በይፋ አይናገርም።

አንተ «ድልድይ ጠባቂ» በሚለው ስምህ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ጎን ነህ። ምክንያትህም አንድ ነበር፤ ብርሃኑ። የሦስተኛው ክፍል ጭጋግ ጠዋት ሰማያዊ፣ ከሰዓት ግራጫ፣ ሲመሽ የዛገ ብረት እንደሚመስል፣ በአምስተኛው ግን ነጭ ቀለም እንደተደፋበት ትጽፍ ነበር። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገህ፣ ክብ እየሠራህ፣ «እዚህ ጋ ያለውን ጥላ እዩት» ትላቸዋለህ። ሒሳብ አስተማሪው ራሱ አንዴ «ከዚህ ልጅ ጋር አልስማማም፣ ግን ዓይን አለው» ብሎ ጻፈ። ያንን ለእማዬ አንብቤላት ኮራች፤ ስለምን እንደሚያወራ ግን አልገባትም።

ካለፈው ዓመት አጋማሽ ወዲህ ሌላ ሰው ሆንክ። ሥዕል መለጠፍ አቆምክ። ስለ ብርሃን አንዲት ቃል የለም። ከዚያ አንድ ቀን ብድግ ብለህ «ሦስተኛው የሚበልጠው በድምፁ ነው» አልክ። በሦስተኛው የጌሙ ባለታሪክ፣ ተጓዡ፣ እንጨት ሲረግጥ፣ ጠጠር ሲረግጥ፣ እርጥብ ሣር ሲረግጥ ድምፁ እንደሚለያይ፣ በአምስተኛው ግን የትም ይርገጥ የትም ያው አንድ ጫማ መሆኑን ጻፍክ። የሁለተኛው ክፍል ነፋስ ሁልጊዜ ከግራ በኩል ነው የሚመጣው፣ ባሕሩ ግን በስተቀኝ ነው፣ ስለዚህ የሠሩት ሰዎች አልተጠነቀቁም ብለህም ተከራከርክ። ሰዉ ተደነቀ። ፋርማሲስቷ እንኳ «ይህን ያህል ዓመት ስጫወት አልሰማሁትም፣ አሁን ገና ሰማሁት» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። ምክንያቱም፣ የእናቴ ልጅ፣ እኛ ያንን ጌም ድምፁን ከፍተን ተጫውተን አናውቅም።

መቼም አልረሳኸውም። አባባ የሌሊት አውቶቡስ ነድቶ ጠዋት ይገባና ቀኑን ይተኛል። ቲቪው ያለው ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እማዬ «አንዲት ኮሽታ ከሰማሁ መጫወቻውን በመስኮት ነው የምወረውረው» ብላናለች፤ እንደምትወረውረውም አንጠራጠርም። ስለዚህ ድምፁን ጥርቅም አድርገን እንዘጋዋለን። አንተ ጆይስቲኩን ትይዛለህ፣ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ድምፁን በሹክሹክታ እሠራልሃለሁ። እርምጃው የወንበሩን እግር በጥፍሬ መምታት ነበር። ነፋሱ በአፌ። ሰይፉ ሁለት ማንኪያ፣ እነሱንም በጨርቅ ጠቅልዬ። ትንሽ ዝም ካልኩ «ጌሙ ሞተብኝ እኮ» ብለህ ታቆማለህ። ክፉ አለቃ ነበርክ።

እንግዲህ የወንድሜ ሦስተኛ ክፍል ድምፅ የለውም፤ አለው ከተባለም የኔ ጥፍር ነው። ይሄ ስለ ጠጠርና ስለ እርጥብ ሣር የሚያወራው ታዲያ ማን ነው? አልኩ።

መጀመሪያ ስምህን ለሌላ ሰው የለቀቅከው መሰለኝ። ቀጥሎ ስልክህ ተሰርቆ ይሆናል አልኩ። ከዚያ አብሮህ የሚኖረውን ፀጉር አስተካካይ ጠረጠርኩት፤ ግን አንተው ራስህ «ጌም ሲያይ ያዛጋዋል፣ ፀጉሬን በነጻ ባያስተካክለኝ አብሬው አልኖርም ነበር» ብለኸኛል። ከዚያ ደግሞ ሳትነግረን አግብተህ ሚስትህ የምትጽፍ መሰለኝ። ይቺኛዋን ሳስብ ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልኩ፤ ንዴቴ ሲበርድ ደግሞ ስሟ ማን ይሆን እያልኩ ነበር።

በዚህ መሀል ስትደውል ጆሮዬን አቁሜ መስማት ጀመርኩ። «ብስክሌትህስ?» ስልህ «ተሰረቀች» አልከኝ። ትንሽ ቆይቶ እማዬ «ያቺን ብስክሌት ቀስ ብለህ ንዳ» ብትልህ «ሸጥኳት እኮ እማዬ» አልካት። የተሰረቀ ብስክሌት ባለቤቱ አይሸጠውም። ከማታ ፈረቃ ወደ ቀን መዛወርህንም «እንቅልፍ እንዳላጣ ብዬ ነው» አልክ፤ አንተ፣ ልጅ ሆነህ ካልጋ የሚያስነሳህ ጠፍቶ እማዬ ውሃ ትረጭብህ የነበረው። ፊትህን ማሳየት ካቆምክማ ስንት ጊዜህ። እማዬ ስልኩን ባጠፋን ቁጥር ትይዘኛለች።

«ፊቱን ለምን አያሳየኝም? ጥርሱ ወልቆ ነው?»

«ኔትወርክ ነው እማዬ።»

«ድምፁን አሳልፎ ፊቱን የሚያስቀር ኔትወርክ በየት አገር ነው ያለው?»

ስለዚህ የማልኮራበትን ዘዴ ዘየድኩ። የጎረቤታችንን ትልቁን ድስት ፎቶ አነሳሁና «በራችንን ቀለም ቀባነው፣ እንዴት ነው?» ብዬ ላኩልህ። ወዲያው «በጣም ያምራል፣ ቤቱን ፈካ አደረገው» አልከኝ። በማግስቱ ደግሞ «ለካ የላክሽው ድስት ነው፣ ተሳስተሽ ነው?» የሚል መጣ። እዚያ ስልክ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ድስትና በር ይለያል፣ አንዱ አይለይም።

በሩ ከተነሳ አይቀር፣ እውነትም መቀየር አለበት። አናጢው ጠማማ አድርጎ ስለገጠመው ይሁን አላውቅም፣ ስገባ ስወጣ ትከሻዬን ይመታኛል፤ የግራው በልዞ ነው የከረመው። እማዬ «በሩ እናንተ ሳትወለዱ ጀምሮ እዚያው ነው የቆመው» ትለኛለች። ለሷ ያልጠመመ ነገር የለም፣ በሩን ብቻ ታምነዋለች።

ስለ ድስቱ ማሰብ ስላልተውኩ በመጨረሻ ግሩፑ ውስጥ ጻፍኩ። «መርፌ ነኝ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ፣ ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ትልቁ በር ሲከፈት ምን ዓይነት ድምፅ ያወጣል?» ሒሳብ አስተማሪው «ነጎድጓድ ነው» አለ። ፋርማሲስቷ «ነጎድጓድ የምትለው አንደኛው ክፍል ላይ ነው፣ ሰው ሁን እንጂ። ሰንሰለት ሲጎተት ነው፣ ቪዲዮው ይኸው» ብላ ለጠፈችበት። ከፍቼ ሰማሁት፤ እውነቷን ነው፣ ከባድ ሰንሰለት ነው። አንተ ሳትመልስ ቀኑ አለቀ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መልስህ መጣ።

«ሰንሰለት ነው። ለኔ ግን የወጥ ቤት መሳቢያ ነው። የታችኛው፣ እርጥበት ያሳበጠው፣ ሲስቡት የሚያቃስተው።»

ማሸጊያ ክፍል ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያንን መሳቢያ ከኔና ካንተ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። በሩ ሊከፈት ሲል ወጥ ቤት በጣቶቼ ጫፍ ሮጬ፣ አባባ እንዳይነቃ ቀስ አድርጌ የምስበው እኔ ነበርኩ። ስምህን አልለቀቅክም፣ ስልክህም አልተሰረቀም። የሚጽፈው እጅ የማንም ይሁን የማን፣ ቃሉ ያንተ ነው። የዚያን ቀን ሸሚዙን በደስታ እያንጎራጎርኩ ሳጥፍ ዋልኩ።

ደስታዬ ግን አላደረም። አንተው ከሆንክ ብስክሌቱስ? ፈረቃውስ? ድስቱስ? ሥዕል ለሥዕል ሲያወዳድር የኖረ ሰው ምን አግኝቶት ነው ጆሮውን ይዞ የቀረው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝና ጥቂት ቀን ሌላ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ከረምኩ። ሌላ ግን የለም። ይህን መንገድ ከዚህ በፊት አንዴ ሄደንበታል፤ አንተ ትንሽ ስለነበርክ ነው እንጂ እኔ እያንዳንዱን አስታውሳለሁ።

አባባ ሲጀምረው «የፊት ለፊት መብራት ያጥበረብረኛል» ብሎ ከሌሊት ወደ ቀን ተዛወረ። ቀጥሎ «መንዳት ሰለቸኝ» ብሎ ጭራሽ ተወው። ውሃውን ከብርጭቆው አጠገብ ሲያፈስ ጠረጴዛው ነው ይል ነበር። መጀመሪያ የሄደበት የጎን እይታው ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይገጫል። ኋላ ላይ ስናዋራው ዓይናችንን ሳይሆን አፋችንን ነበር የሚያየው፤ ድምፁ የሚመጣበትን። ለሁሉም ሰበብ ነበረው፤ ሰበቡንም እየሳቀ ነበር የሚናገረው። አንተም ብስክሌት አለህ፣ ፈረቃ አለህ፣ ኔትወርክ አለህ። የሰበብ አደራደራችሁ ራሱ የአባትና የልጅ ነው።

ዓይንህ ነው፣ አይደል?

ይኸው ጻፍኩት። እስከ ዛሬ የጠረጠርኩት ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ በውስጤ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ይህ አንዱ ብቻ ሐሰት ቢሆን ምን ነበረበት። ከሆነም ደውልና ስቀህብኝ ስደበኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስድብ እችላለሁ።

በወረቀት የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ስልክ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል አሉ። እንዲያ ከሆነ ብቻህን ሰምተህ ብቻህን ትደብቀዋለህ። ወረቀት ግን ሰው ይፈልጋል። ይህን ስትሰማ አጠገብህ ሰው እንዲኖር ነው የፈለግሁት።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ የአባባን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። በዘር የሚተላለፍ የዓይን በሽታ አለ አለኝ። ቀስ እያለ እንደሚሄድ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ ሳይዘገዩ መታየት እንደሚጠቅም ነገረኝ። እግረ መንገዱን የኔንም ዓይን አየው። ለማንኛውም አሁን የምናወራው ስላንተ ነው፤ ታይተሃል? ምን አሉህ? ያን ሁሉ ቀን ሐኪም ቤት ማን ይዞህ ሄደ? እኔ እዚህ የሰው ሸሚዝ ስመረምር አንተን ማን መረመረህ? ይህን ስጽፍ ተቆጥቻለሁ፤ እወቅልኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ግን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ፊትህን መጠየቅ አቁማለች፣ ይሄ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። ባለፈው ካንተ ጋር አውርታ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ «አባትሽም ኋላ ኋላ እንዲህ ነበር የሚያዳምጠኝ፣ ቃሌን ሳልጨርስ አይተነፍስም ነበር» አለችኝ። «ምን ማለትሽ ነው?» ብላት «ምንም» ብላ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ዕቃው ታጥቦ ነበር። ጥርጣሬን ከማን እንደወረስኩት ለካ ረስቼዋለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስለዚህ ከሌላ አፍ ሳትሰማው ራስህ ንገራት። ትጮሃለች፣ ከዚያ ታዝሃለች፣ ከዚያ ምን እንደምትለብስ ትነግርሃለች። አባባን የጎዳው ዓይኑ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እኛን ለማሳመን ሲደክም የኖረው ድካም ነው። አንተ ያንን አትድከም። ና ብልህ እንደማትመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ና። አልጋህ እንደነበረ ነው፣ መሳቢያውም አሁንም አልተጠገነም።

ካልመጣህ ግን ይህን አድርግልኝ። መጫወቻውን ከቁም ሣጥን አናት አውርጄ ጠራርጌዋለሁ፤ ይሠራል። ሦስተኛውም ክፍል አለ። እሑድ እሑድ በዚህ ሰዓት ደውል። አባባ የለም፤ የሚቀሰቀስ ሰው ስለሌለ ድምፁን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። አንተ ጠጠሩን ከሣሩ እየለየህ «አሁን ወደ ግራ» በለኝ፣ እኔ እጫወታለሁ። ጭጋጉ ሰማያዊ ሲሆን ሰማያዊ ነው እልሃለሁ፣ ግራጫ ሲሆን ግራጫ ነው እልሃለሁ፤ አላጋንንም፣ አልቀንስም። ያኔ ድምፁ እኔ ነበርኩ። አሁን ምስሉን እሆንልሃለሁ። ብቻ አትዘግይ። ሰባተኛው እስኪወጣ አንጠብቅ፣ ከሚመጣው እሑድ እንጀምር። ቸኩያለሁ፤ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

እግርህ ከሚረግጠው፣ እጅህ ከሚነካው ክፉ ይሰውርህ። በሄድክበት ሰው አያሳጣህ። እማዬ ይህን እንደምጽፍ ባታውቅም፣ ስምህ በተነሳ ቁጥር የምትለውን ታውቀዋለህና እንዳለችህ ቁጠረው። ግንባርህን ሳምኩህ።

ጠርጣራዋ እህትህ፣
መርፌ

ለወንድማችን ለፀጉር አስተካካዩ፦ ይህን የምታነብለት አንተ መሆንህን ገምቻለሁ። እያዛጋህም ቢሆን ስለ ጌሙ የሚለውን ስለጻፍክለት እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ ድስቱም ይቅር በለኝ። መቼም ሰው ደብዳቤን ጮክ ብሎ ከማንበቡ በፊት ለራሱ አንዴ ሮጥ ሮጥ አድርጎ ያየዋል። እንዲያ አድርገህ እዚህ የደረስክ እንደሆነ፣ ስለ ፋብሪካው መብራት፣ ስለ በሩና ስለ ትከሻዬ፣ ሐኪሙም እግረ መንገዱን አየው ስላልኩት የጻፍኩትን ዝለልለት። ለሱ አሁን የራሱ ይበቃዋል። ቸኩያለሁ ያልኩበት ላይ ስትደርስ ደግሞ እየሳቅህ አንብብለት።